ዲኤክሷ፣ የአሰላ ዳገትና የወጪ መዝገቤ

እሑድ ምሽት፣ አዳማ

ዛሬ ከአሰላ ስመለስ የመኪናዬ የሙቀት መለኪያ ጠቋሚ ከመካከሉ ሳይነቃነቅ ቤቴ ገባሁ። ይህችን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ከመስቀል ጀምሮ ስጠብቅ ስለ ኖርኩ፣ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነገሩን ከመነሻው ላስፍረው ብዬ ተቀምጫለሁ። ከተሳሳትኩት አብዛኛው የራሴ በመሆኑ፣ እያደር በአፌ ሳሳምረው ሳልገኝ አሁኑኑ በወረቀት ቢያዝ ይሻላል።

መኪናዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1982 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ፣ ሁላችንም ዲኤክስ የምንላት ናት። ሞተሯ 1.3 ሊትር ሲሆን ብሎኩ ብረት፣ ከላዩ የሚከደነው ቴስታታ አሉሚኒየም ነው፤ የውሃ ፓምፑና ፋኑ በአንድ ቺንጋ (ቀበቶ) አብረው ይዞራሉ። ኮፈኗን ከፍቶ ቆሞ ለሚያያት ሰው ምንም የምትደብቀው ነገር የላትም እያልኩ እመካባት ነበር።

መስከረም 17 ቀን እናቴን ለመጠየቅ ወደ አሰላ ስወጣ ነበር የጀመረው። መንገዱ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዳማ ተነሥቶ መልካሳ ላይ ወደ አዋሽ ይወርድና ከዴራ ወዲያ በኢተያ በኩል እስከ አሰላ ድረስ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣል። ከወንዙ እስከ አሰላ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ800 ሜትር ያላነሰ ነው። ኢተያ ሳልደርስ ጠቋሚው ቀዩን ነካ፣ ከኮፈኑ ሥርም እንፋሎት ወጣ። ከስንዴው ማሳ ዳር የነበሩ ልጆች በቢጫ ጀሪካን ውሃ ይዘው ሮጠው መጡ፤ እኔም በጥድፊያ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ልፈታ ስሞክር ክንዴን ተቃጠልኩ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ከልጆቹ ትልቁ «ጋሼ፣ ይቀዝቅዝ እንጂ፤ አይቸኩሉ» ያለኝ ከተቃጠልኩ በኋላ ነው፤ ቢሆንም ቀዝቃዛውን ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ከመገልበጥ ስላዳነኝ ባለውለታዬ ነው። እንዲያ ባደርግ ኖሮ አሉሚኒየሙ በድንገት ተኮማትሮ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ስድስት ወር የጋራዥ ምልልስ ነው። በቅድሚያ የተጠረጠረው የራዲያተሩ ክዳን ነበር፤ ጥርጣሬውም ተገቢ ነበር፣ ምክንያቱም የክዳኑ ላስቲክ ተሰነጣጥቆ ተገኝቷል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዳማ ላይ በ95 ዲግሪ አካባቢ፣ አሰላ ላይ ደግሞ በ92 ገደማ ይፈላል። ከላዩ 0.9 የሚል የተጻፈበት ደህና ክዳን ግፊቱን አምቆ ሲይዝ ግን የመፍያው ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ክዳኑ የሚያፈስ መኪና ወደ አሰላ በወጣ ቁጥር ሞተሩ የበለጠ እየደከመ፣ ውሃው ደግሞ ለመፍላት የበለጠ እየቀረበ ይሄዳል። ይህን ሳሰላው በጣም ደስ ስላለኝ መፍትሔውን ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። አዲስ ክዳን ገዛሁ፤ እንፋሎቱ ቀነሰ፣ ሙቀቱ ግን ባለበት ቀረ።

ኅዳር ላይ ቴርሞስታቱ፣ ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋው ክፍል፣ ወጣ። ፍራንኮ አካባቢ ያለው መካኒክ፣ ታታሪ ወጣት ነው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ለብርድ አገር የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ ምን ይሠራል?» ብሎ አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ብዙ ጋራዥ የሚሠራው እንዲሁ ስለሆነ አልተከራከርኩም። ቤት ወስጄ በድስት ውሃ ውስጥ አንጠልጥዬ ስሞክረው፣ 82 የሚል የመክፈቻ ዲግሪ የተቀረጸበት ነገር ውሃው ሳይፈላ በወጉ ተከፈተ፤ ማለትም ጤነኛ ነበር። ጤነኛውን ማውጣታችን ደግሞ ሌላ ችግር አመጣ፤ መኪናዋ ጠዋት ጠዋት እስክትሞቅ ድረስ ቤንዚን ትጠጣ ጀመር፣ ዳገት ላይ ግን እንደ ቀድሞው ትግላለች። «አንቱፍሪዝ» የሚለው ስምም በዚሁ መንገድ ያሳሳተን ይመስለኛል። አዳማ ላይ በረዶ ስለሌለ አያስፈልገንም እንላለን፤ በውስጡ ያለው የዝገት መከላከያ ግን የብረት ብሎክ ላለው ሞተር ከበረዶው ይልቅ የሚያስፈልግ ነው። እኔ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሳጠጣት ኖሬአለሁ።

የዚያ ውጤት ጥር ላይ ታየ። የራዲያተር ሠራተኛው፣ ጆሮአቸው ትንሽ የከበደ ሽማግሌ ናቸው፣ የላይኛውን ጋን አቅልጠው ከፈቱና ጠርተው አሳዩኝ። ከቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ሲሶ ያህሉ በቡናማ ጭቃ ተደፍነው ነበር። በአካባቢያችን ሰው ጥርሳችንን ያበለዘው የስምጥ ሸለቆ ውሃ ራዲያተራችንንም ይደፍናል የሚል አባባል አለ፤ ጥርሱን የሚያበልዘው ፍሎራይድ ነው፣ እኔ ያየሁት ጭቃ ግን በአብዛኛው የራሱ የሞተሩ ዝገት ነበር። ሽማግሌው እያንዳንዱን ቱቦ በቀጭን ሽቦ ጠርገው፣ አጥበው፣ መልሰው በየዱት። አሁንስ አበቃ አልኩ። በሚቀጥለው እሑድ ከዴራ አልፌ ብዙ ሳልርቅ ጠቋሚው እንደገና ወጣ፤ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ መስኮቱን አውርጄ፣ በላብ ተጠምቄ ኢተያ ደረስኩ። ማሞቂያው እንደ ትንሽ ሁለተኛ ራዲያተር ስለሚያገለግል ይረዳል፤ እናቴ ግን የደረስኩበትን መልክ አይታ «ልጄ፣ ወባ ነው እንዴ?» አለችኝ።

መጋቢት ላይ የቀረው ጥርጣሬ አንድ ብቻ ሆነ፦ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል። ይህ ማለት ቴስታታው ይወርዳል፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይለሰናል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል ማለት ነው፤ ወጪውም የመኪናዋን ዕድሜ ያስቆጥራል። ወጣቱን መካኒክ ሁለት ሳምንት ስጠኝ አልኩት። ያልተስማማኝ ምልክቱ ከበሽታው ጋር ስላልገጠመልኝ ነው። ዘይቱ እንደ ወተት አልነጣም፤ ካንዴላዎቹ ደረቅና ንጹሕ ናቸው፤ ክዳኑን ከፍቼ ሞተሩን ሳስነሣ አረፋ አይግተለተልም፤ ሌሊቱን ባደረ ሞተር ላይ ጠዋት ጎማ ቱቦዎቹን ስጨብጣቸው በግፊት የደነደኑ አይደሉም። ጓርኒሲዮን ከእነዚህ ሁሉ ተደብቆ ሊበላሽ ይችላል፣ አውቃለሁ፤ ግን ዋጋው ሳይታወቅ የሚከፈል ሒሳብ አልወድም።

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሚዛን አልመጣ ሲል ድምሩን ደጋግሞ መደመር ጀማሪ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የለመደ ሰው ልዩነቱ በየትኛው ቀን እንደ ተፈጠረ ይፈልጋል። ይህን ለሃያ ዓመት ለሌሎች ስናገር ኖሬ ለራሴ መኪና ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረግሁትም ነበር። ስለዚህ በሁለቱ ሳምንት ጠቋሚው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ቦታውን፣ ፍጥነቱንና ማርሹን ጻፍኩ። ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅና በጋሪ መካከል በቀትር ስንፏቀቅ፣ አትግልም። ይህ ብቻ ፋኑንና ቺንጋውን ነጻ ያወጣቸዋል፤ የፋን ችግር ያለበት መኪና የሚታመመው ነፋስ በማያገኝበት ቦታ ነውና። ሜዳ በሆነው በሞጆ መንገድ ከ90 በላይ ስነዳ ትግላለች። ስለዚህ ጥፋቱ የዳገት ብቻ አልነበረም።

ሦስተኛው ነገር ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ሰው ሁሉ «ዳገት ላይ ዝቅ ባለ ማርሽ ውጣ» ይላል፤ ምክሩም ትክክል ነው፣ ሞተሩ በፈጠነ መጠን ፓምፑም ፋኑም አብረው ይፈጥናሉና። እኔ ያንኑ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን እያስጮኽኩ ስወጣ ፈጥና ጋለች፤ በሦስተኛ፣ ቀስ ብዬ፣ እያቃሰተች ስወጣ ዘገየች። ዳር ይዤ ቆሜ ሞተሩን ሳላጠፋ ስተወውም ጠቋሚው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ወረደ። ፓምፑ ሲፈጥን ውሃው ማነስ የለበትም። የሚያንስ ከሆነ ግን ከራዲያተሩ ወደ ፓምፑ በሚሄደው መንገድ ላይ ፓምፑ በሳበ ቁጥር የሚዘጋ፣ ሲያርፍ የሚከፈት ነገር አለ ማለት ነው።

ይህን ለወጣቱ ስነግረው ወዲያው ገባው። «ጋሼ፣ የራዲያተሩ የታችኛው ጎማ ቱቦ እየተጣበቀ ነው!» አለኝ። እርሱ ኮፈኑ ላይ አጎንብሶ፣ እኔ ነዳጅ እየረገጥኩ አየነው፤ ጎማው ግን ፍንክች አላለም፤ ድንቡሽቡሽ እንዳለ ቀረ። ሁለታችንም አፈርን። ጥቂት ቆይቶ፣ ምናልባት ሊያጽናናኝ ብሎ፣ ለማንኛውም ልፍታው አለና ፈታው፤ ወደ ፀሐይ አንሥቶም እንደ መነጽር ተመለከተበት። ከዚያ ምንም ሳይናገር አቀበለኝ። ውስጡ ሁለት ድርብ ነበር፤ የውስጠኛው ላስቲክ በአንድ በኩል ከውጭኛው ተላቆ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። በጣቴ ገፋ ሳደርገው ቀዳዳውን ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ከውጭ አዲስ ነው፤ ያብረቀርቃል።

አዲስ ስለነበር ነው ማንም ያላየው። ጥር ላይ ራዲያተሩ ሲወርድ ይህ ጎማ ተፈትቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እኔም ተሻግሬው አልፌአለሁ። ማታ የቤት ወጪ መዝገቤን ገለጥኩ። ነሐሴ 24 ቀን በራሴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «የራዲያተር የታች ጎማ፣ 180 ብር።» ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳይቶኝ የወፍራሙን ዋጋ ሲነግረኝ ርካሹን መምረጤ ትዝ አለኝ። ርካሹ ላስቲክ የሞተሩን ሙቀትና ንዝረት ሳይችል ቀርቶ እንዲህ የተላቀቀ ይመስለኛል፤ ከግዢው እስከ መጀመሪያው እንፋሎት አንድ ወር እንኳ አልሞላም። ስድስት ወር ሙሉ መካኒኩን በልቤ ስከስስ፣ ልዩነቱ የተፈጠረበት ቀን በራሴ መሳቢያ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። በእርግጥ ክዳኑም አርጅቶ፣ ራዲያተሩም ተደፍኖ ነበር፤ ሁለቱም መሠራት ነበረባቸው፣ ለዚህም ነው እያንዳንዱ ጥገና ጥቂት ጥቂት ሻል ያደረጋት፣ እኛንም ያዘናጋን።

ሐሙስ ዕለት ወፍራሙን ጎማ ገዝቼ ተገጠመ። ቴርሞስታቱም ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ወጣቱ ፈገግ ብሎ «ብርድ አገር ሊሄዱ ነው እንዴ?» ቢለኝም ገጠመው። ግማሽ ኩላንት (ያው አንቱፍሪዝ የምንለው) ግማሽ የተጣራ ውሃ ሞላን፤ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አዙረን፣ ክዳኑን ከፍተን፣ ማሞቂያውን ለቅቀን የታመቀው አየር እስኪወጣ ድረስ ሞተሩን አሠራነው። ለቴስታታው ሥራ ተስማምተን የነበረውን ቀብድ መልስልኝ አላልኩትም።

ዛሬ የኢተያን ዳገት ሆን ብዬ በሁለተኛ ማርሽ፣ እያስጮኽኩ ወጣሁት። ጠቋሚው አልተነቃነቀም። እናቴ በጊዜ ስለ ደረስኩ ቡናው ገና አልተቆላም ነበር።

አሁን ግን ከመግባቴ በፊት በባትሪ ብርሃን ከሥሯ ሳይ፣ ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳ አንዲት አረንጓዴ ጠብታ ተንጠልጥላ አየሁ። ያች ቀዳዳ የፓምፑ ማሸጊያ መድከም ሲጀምር ውሃ እንድታሳይ የተተወች ናት። ነገ ጠዋት ካርቶን ከሥር አነጥፋለሁ፤ ስንት ጠብታ በስንት ሰዓት እንደ ወረደም እጽፋለሁ።