«፺፰ ዓመተ ምሕረት»

ከጥቂት ዓመታት በፊት የብራና መጻሕፍት በኮምፒውተር በሚመዘገቡበት ክፍል ስሠራ፣ በአንድ ድርሳን መጨረሻ ጸሐፊው የዘመኑን ምልክት ትቶ አገኘሁ፤ «ዘመነ ማርቆስ፣ አበቅቴ ፳፪ (22)፣ ፺፰ (98) ዓመተ ምሕረት» ይላል። እኛ «በ66ቱ» ስንል 1966ን ማለታችን እንደሆነ ሁሉ፣ እርሱም መቶውን ያስቀረ መስሎኝ 1998 ዓ.ም. ብዬ መዘገብሁ። 1998 ዘመነ ማርቆስ መሆኑንም አመሳክሬ ነበር። አበቅቴውን፣ ማለትም የዓመቱን የጨረቃ ስሌት ቁጥር፣ ግን አላሰላሁም። መጽሐፉም የቅርብ ቅጂ ተብሎ በቅድሚያ ፎቶ ከሚነሡት ዝርዝር ወጣ።

ስሕተቱን ያዩት ለሌላ ጉዳይ የመጡ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ መምህር ናቸው። «ልጄ፣ ይህ ምሕረት የዛሬው ምሕረት አይደለም» አሉና እርሳስ ጠየቁኝ። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ዓመተ ምሕረት ሲሉ ብዙ ጊዜ በየ532 ዓመቱ እንደገና ከአንድ የሚነሣውን የዐቢይ ቀመር ቁጥር ማለታቸው ነበር፤ ከ277 ዓ.ም. የሚቆጠረው ዓመተ ሰማዕታት ሁለት ዐቢይ ቀመር፣ ማለትም 1064 ዓመት ሲሞላ አዲሱ ቁጥር በ1341 ዓ.ም. ስለ ጀመረ፣ 98ኛው ዓመት 1438 ዓ.ም. ላይ ይውላል። ይኸው ዓመት ከዓለም ፍጥረት በሚቆጠረው ዓመተ ዓለም 6938፣ በዓመተ ሰማዕታት 1162 ነው፤ በአውሮፓውያን ከ1445 ወደ 1446፣ በሂጅራ ከ849 ወደ 850 ይሻገራል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአዳሉ ሱልጣን በድላይ ጎሚት ላይ የተዋጉትም በዚሁ ዓመት ነው።

እስከ ዛሬ የሚገርመኝ የሚቀጥለው ነው። በ1438 እና በ1998 መካከል ያለው 560 ዓመት ለ28 ሲካፈል ትክክል 20 ስለሚሆን፣ ወንጌላዊው ብቻ ሳይሆን መስከረም 1 የዋለበት ዕለት እንኳ በሁለቱም ዓመታት አንድ ነው፤ ሁለቱም እሑድ ጠብተዋል። ልዩነቱን የሚያወጣው የጨረቃው ስሌት ብቻ ነበር። መምህሩ 6938ን ለ19 አካፈሉ፤ ከቀረው 3 ላይ አንዱን ለዘመን ትተው ወንበር የሚባለውን ቁጥር 2 አገኙ፤ 2 በ11 ሲባዛ አበቅቴው 22 ሆነ። የ1998ን አበቅቴ ለብቻዬ እንዳወጣ እርሳሱን መለሱልኝ፤ 1 መጣ።

መዝገቡን በዚያው ቀን አረምሁ፤ ብራናውም ወደ ዝርዝሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ በምሞላው ቅጽ ላይ ጸሐፊው የጻፈውን ቁጥር እንዳለ፣ ከየትኛው ዘመን እንደሚቆጠር ደግሞ በሌላ መስመር አሰፍራለሁ።