የበርጩማ እግር መጋጠሚያ በመሮና በመጋዝ ብቻ

ሐዋሳ ላይ በርጩማ ልሥራ ብሎ የተነሳ ሰው ዋንዛ ካገኘ ዋንዛ ይያዝ፤ ለመሮ ገር ነው፣ ሲደርቅም ብዙ አይጣመምም። ባህር ዛፍ ርካሽ ነው፣ ግን እርጥቡን ከገጠሙት ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል። በክረምት በተለይ ጣውላውን ከመሬት አንስታችሁ፣ በየመሀሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገባችሁ ጥላ ሥር ደርድሩት።

መጋጠሚያው እግሩ ላይ የሚቆፈር ቀዳዳና እዚያ የሚገባ የአግዳሚው እንጨት ጫፍ (ምላስ) ነው። ለ4 ሴንቲ ሜትር እግር 12 ሚሊ ሜትር መሮ ይበቃል፤ የቀዳዳው ስፋት የውፍረቱ ሲሶ ያህል ነው። መስመሩን በእርሳስ ሳይሆን በቢላ ጫፍ አስምሩ፣ መሮው ጭረቱ ውስጥ ቁጭ ይላል። ከመሀል ወደ ጫፎቹ ቆፍሩ፤ መስመሩ ሊደርስ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ግን ቁሙ። ፍቅፋቂውን በመሮ ፈንቅላችሁ ስታወጡ የሚጨፈለቀው ያቺ ጠርዝ ናት፤ እሷ በመጨረሻ ቀጥ ተደርጋ ትቆረጣለች። የእግሩን አናት 2 ሴንቲ ሜትር አስረዝሙት፣ አለዚያ ቀዳዳው ወደ ላይ ይተረተራል። ትርፉ ኮላው ከደረቀ በኋላ ይቆረጣል።

ቀዳዳው ውስጥ የሚገባውን ምላስ ስትቆርጡ መጋዙ በሚጣለው በኩል ይሂድ። በእጅ ተገፍቶ ግማሹ ገብቶ ቀሪውን መዶሻ ከጨረሰው ልክ ነው። ልል ከሆነ ብዙ ሰው በኮላና በሰጋቱራ ይሞላዋል (ሰው ሲቀመጥበት ይላቀቃል!)፤ የምላሱ ጎን ላይ ስስ እንጨት ለጥፎ በመሮ እንደገና ማስተካከል ይሻላል።

መሮው ከደነዘዘ 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግታችሁ ውሃ ርጩበት። መጀመሪያ ጀርባውን፣ ከዚያ ስለቱን በ30 ዲግሪ ገደማ። የክንድ ፀጉር ካልላጨ ገና ነው።