ጠፍቶ ያልጠፋው አምፖል

በደብረ ብርሃን ከተማ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ መስመር ስዘረጋ ከገጠሙኝ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ በአንዲት እናት ቤት የደረሰው ነው። ቤቱ አራት ክፍል ያለው አዲስ ቤት ነበር፤ ከረዳቴ ጋር ሥራውን ስንጨርስ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን አንድ በአንድ ተጫንኳቸው፤ አምፖሎቹ ሁሉ በሩ፣ ሁሉም ጠፉ፤ እኔም ሥራው ትክክል ነው ብዬ አስረከብኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እናታችን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ የመኝታ ቤቱ መብራት አጥፍቼው እያለ ሌሊቱን ሙሉ ጭል ጭል ይላል፤ ዛሬ ልቀይረው ብዬ ስፈታው ደግሞ እጄን ነዘረኝ» አሉኝ። «እማማ፣ እባክዎ ደግመው አይንኩት፤ ዋናውን ብሬከር ያጥፉትና ይጠብቁኝ» ብያቸው ወዲያው ተነሣሁ።

እንደደረስኩ አምፖሉን ፈትቼ አወጣሁና ብሬከሩን መለስኩት። ኃይል መኖሩን የሚጠቁመው ቴስተሬ በትክክል መሥራቱን በመጀመሪያ በሶኬት ላይ አረጋገጥኩ፤ ከዚያም ማብሪያ ማጥፊያው እንደጠፋ የቴስተሩን ጫፍ ወደ አምፖል መያዣው ውስጥ አስጠጋሁ። በእጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ብርቱካናማ ሆና በራች። ቴስተር በአቅራቢያው ካለ ሽቦ በሚሾልክ ደካማ ኃይልም ሊበራ ስለሚችል በቮልት መለኪያ ደገምኩት፤ ከመሬት ሽቦው አንጻር 220 ቮልት ያህል አሳየኝ።

ብሬከሩን አጥፍቼ ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን ሳጥን፣ ስካቶላውን፣ ስከፍት ምክንያቱ ተገኘ። ሽቦዎቹ ተለዋውጠው ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ ፌዙ፣ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ሄዷል፤ ማብሪያ ማጥፊያው የሚቆርጠው የመመለሻውን ሽቦ፣ ኒውትራሉን፣ ነበር። እንዲህ ሲሆን መብራቱ ይጠፋል እንጂ ኃይሉ ከአምፖል መያዣው አይወጣም፤ ኤልኢዲ አምፖል ደግሞ ጎን ለጎን በተዘረጉት ሽቦዎች መካከል በሚያልፈው እጅግ አነስተኛ ኃይል እንኳ ጭል ጭል ሊል ይችላል። ይባስ ብሎ በመያዣው መሐል ካለው ነጥብ ጋር መገናኘት የነበረበት ፌዝ አምፖሉ ከሚጠመዘዝበት የብረት ጥርስ ጋር ታስሯል፤ አምፖሉን ሲፈቱ ጣት በቀላሉ የሚያገኘውም ይህንኑ ብረት ነው። እናታችን የቆሙት በደረቅ የእንጨት በርጩማ ላይ ነበር። ባዶ እግራቸውን እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ቆመው ቢሆን ኖሮ ምን ሊደርስ ይችል እንደነበር ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ሽቦውን ያሰረው ረዳቴ ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብርሃኑን አይቼ ያስረከብኩት እኔ ነኝና። የቀሩትን ክፍሎች በዚያው መንገድ ስንፈትሽ ሳሎኑም እንዲሁ ተገልብጦ አገኘነው። ሁለቱንም አስተካክለን፣ የየማሰሪያውን ቪቲ አጥብቀን፣ ሽቦዎቹን እየሳብን አለመላላታቸውን አየን። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍቼ መያዣውን በቴስተርና በመለኪያ ሳላረጋግጥ ቤት አላስረክብም።

ሲመሽ እናታችን መኝታ ቤቱ ውስጥ ቆመው መብራቱን አጠፉት። ክፍሉ ድቅድቅ አለ። «አዎ፣ አሁን ጠፋ» አሉኝ።