ድሬ ላይ ጓሮ ሳለማ፦ የእናቴ ልማድ ያልሠራበት አገር

ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው። እናቴ ጓሮዋን የምትሠራው ክረምት ሲቃረብ፣ መደቡን ከፍ አድርጋ፣ ጎርፉ በቦይ እንዲወርድ ነበር። ለሥራ ድሬዳዋ መጥቼ ሳቢያን ላይ ቤት ስከራይ ግቢው ሦስት ሜትር በአራት የሚሆን ባዶ መሬት ነበረውና እጄ አላርፍ አለኝ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቲማቲም፣ ሰላጣና ድንብላል ልክ እንደ እናቴ በከፍታ መደብ ላይ ተከልኩ።

ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ በኩል አዩኝና «አንተ፣ በዚህ ሐሩር?» አሉኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አይታወቅም። እሳቸውን አንቱ ስላቸው እስከ ዛሬ ይስቃሉ።) አልሰማኋቸውም።

ሰላጣው ሳይጠቀለል ተመዝዞ አበበ፤ ስቀምሰው ሬት ነው። ድንብላሉም ቅጠል ሳይሰጠኝ ዘር ያዘ። ቲማቲሙ ግን አታለለኝ፤ ቁመቱ ያማረ፣ አበባው የበዛ፣ ፍሬ የሚባል ነገር የለም። አበባው ከነአንገቱ ይረግፋል። ጠምቶት ነው ብዬ ውሃ ጨመርኩለት፣ ባሰበት። ለካ ቀኑ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ሌሊቱም አልቀዘቅዝ ሲል፣ የአበባው ብናኝ ይበላሻል፤ ፍሬ አይቋጥርም። ውሃ የሚፈታው ችግር አልነበረም። አሁን ዘሩን ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጥላ ሥር አፈላለሁ፤ ችግኙን መስከረም መጨረሻ አዛውራለሁ። አበባው ኅዳር ላይ ሲደርስ የድሬ ሌሊት ሰው የሚያስተኛ ይሆናል፣ ቲማቲሙም ይቋጥራል። ሰላጣና ቆስጣም የሚያምሩት ያኔ ነው። ለግንቦትና ለሰኔ የቀረልኝ ባሚያና በሶብላ ነው፤ እነሱ ፀሐይ ሲከር ይፈነድቃሉ።

ቀጥሎ መደቡን አፈረስኩ። ከፍ ያለ መደብ ለደጋ ዝናብ ነው፤ እዚህ በግማሽ ቀን ይደርቃል። መሬቱን አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ አድርጌ ቆፈርኩና ከታች የፍየል በጠጥ ከአፈር ጋር ቀላቅዬ ሞላሁ፤ ላዩን ደረቅ ሣር ጎዘጎዝኩ። በጠጥ ድሬ ላይ ከመሬት የሚታፈስ ሀብት ነው። ፍየሎቹ ራሳቸው ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። አንድ ጠዋት የግቢውን በር ሳልቆልፍ ወጥቼ ስመለስ ከቆስጣዬ የተረፈው ግንዱ ብቻ ነበር።

የድሬን ውሃ የጀበና ውስጥ ነጭ ቅርፊት ያየ ሁሉ ያውቀዋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሳርከፈክፍ ያ ነጭ ነገር አፈሩ ላይም ወጣ፤ የሎሚው ችግኝ ቅጠሉ ገረጣ። አሁን በሦስት ቀን አንዴ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ውሃው እስከ ታች እስኪወርድ አጠጣለሁ። ጨዉም ከሥሩ በታች ይታጠባል። ከቧንቧው ሥር የሚንጠባጠበውን ናና ይጠጣዋል። ጤና አዳም በተቆረጠ ቢጫ ጄሪካን ተተክሎ፣ ታቹ ተበስቶ፣ ለቡና የሚበቃንን ይሰጣል።

ጥላውን ያስተማረኝ የከዚራ ሰፈር ዛፍ ነው። እኩለ ቀን ላይ ሰው ሁሉ ዛፍ ሥር ሲጠጋ እኔ ችግኜን አስፋልት የሚያቀልጥ ፀሐይ ላይ ትቼ እተኛ ነበር። የማዳበሪያ ጆንያ ተርትሬ ሰፋሁና በአራት እንጨት ወጠርኩት። በምዕራብ በኩል ብቻ ዝቅ ብሎ ቢጋርድ ይበቃል፤ የጠዋቱ ፀሐይ አይጎዳም። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ትንሽ ተባይ) ሲመጣ የኒም ቅጠል ወቅጬ በውሃ አሳድራለሁ፤ አጥልዬ ትንሽ ሳሙና ጨምሬ ሲመሽ እረጫለሁ።

ፓፓያ ላይ ነው ብዙ የከሰርኩት። ዘሩን ከነልጋጉ ቀበርኩት፤ አንድም አልበቀለም። ሁለተኛ ጊዜ በአመድ አሽቼ አጥቤ ሳደርቀው ወጣ። ስድስት ችግኝ አሳደግኩ። በስድስት ወር ገደማ ሲያብቡ አራቱ አበባቸው በረጅም ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ወንድ ሆኑ። ሴቷ አበባዋ ግንዱ ላይ ተጣብቃ ነው የምትወጣው። ሦስቱን ቆረጥኩ፣ አንዱን ወንድ ለሁለቱ ሴቶች ተውኩ። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ሦስት ተክዬ ቢሆን ኖሮ ሲያብቡ መርጬ አስቀር ነበር። አንድ ሌላ ችግኝ ደግሞ ውሃ የሚያቁር ቦታ ላይ ስለነበር ገና ሳያብብ ሥሩ በስብሶ ወድቋል።

ፍሬው ሲቀላ ወፍ ቀደመኝ። ስለዚህ ቢጫ መስመር ሲጀምረው በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ አሰርኩት። እማማ በአጥሩ ተጠግተው ትንሽ አዩትና፣ «ምነው፣ ፓፓያውን ገነዝከው እንዴ?» አሉኝ።