የማን ልጅ ልባል ነው?

ካቻምና በጥር፣ ከሠርጋችን በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ ባለቤቴ ወደሚኖርበት ሜሪላንድ ተመልሶ ደወለልኝ። እኔን ወደዚያ የሚወስድበትን ጉዳይ ለመጀመር አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ እየሞላ ነበርና፣ «ላስት ኔምሽን በእኔ እናድርገው ወይስ ያንቺው እንዳለ ይቀመጥ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ መስሎት ነበር። እኔ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወጥቼ በጣና ዳር እየሄድሁ ስለነበር «እስከዚያው እንዳለ ላከው፤ አስቤበት እነግርሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ማሰቡ አራት ወር ይፈጃል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ባለቤቴ ጎንደር ቢወለድም በዘጠኝ ዓመቱ ከወላጆቹ ጋር ወጥቶ ያደገውም ዜግነት ያገኘውም አሜሪካ ነው። ስለዚህ ላስት ኔም ለእሱ የአንድ ቤት ሰዎች ሁሉ የሚጋሩት፣ ሴትም ስታገባ የምትጨመርበት ስም ነው። እኔ ባደግሁባት ባሕር ዳር ግን የሁለት ሰዎች የአባት ስም አንድ ሆኖ ሲገኝ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ባልና ሚስት መሆናቸውን ሳይሆን እኅትና ወንድም መሆናቸውን ነው። ሴት ስታገባ ከወይዘሪት ወደ ወይዘሮ ትሻገራለች እንጂ አባቷን አትለውጥም። የብጡል ልጅ ዳግማዊ ምኒልክን አግብተው እቴጌ ሲባሉ እንኳ ጣይቱ ብጡል እንደተባሉ ኖረዋል፤ «ጣይቱ ምኒልክ» ቢባል ያገራችን ሰው የሚሰማው ሌላ ዝምድና ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ «የቤተ ዘመድ ስም» ስለሚባል ነገር አንቀጾች ቢያስቀምጥም፣ ኑሯችን በራስ፣ በአባትና በአያት ስም እንደቀጠለ ነው።

ነገሩን ይበልጥ ያወሳሰበው የባለቤቴ ላስት ኔም የአባቱ ሳይሆን የአያቱ ስም መሆኑ ነው። ልጅ ሳለ ቅጹን የሞላለት ሰው ሦስተኛውን ስም በመጨረሻው ሣጥን ስላስገባው፣ የአባቱ ስም መካከል ላይ ቀርቶ ዛሬ በአንድ ፊደል ብቻ ይጻፋል። እንግዲህ የእሱን ብወስድ የእኔ ስም የሚጣመረው ከባለቤቴ አያት ስም ጋር ነው። አንድ ማታ ይህንን ወረቀት ላይ እየጻፍሁ ሳሰላው ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ በእኛ አቆጣጠር የአያቱ ልጅ ከሆንሁ የአባቱ እኅት ነኝ፣ የአባቱ እኅት ከሆንሁ ደግሞ ለገዛ ባሌ አክስቱ ነኝ። ደውዬ ስነግረው፣ «እኔስ እዚህ የምጠራው የአባቴ ወንድም ሆኜ አይደል?» አለኝ።

አባቴን ግን አላሳቀውም። ከሽምግልናው በፊት እሱና የባለቤቴ አጎት ሰባት ቤት ለመቁጠር አንድ ሙሉ ከሰዓት ተቀምጠው ነበር። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ በሁለቱም በኩል ወደ ላይ ሲወጡ፣ አንድ የጋራ ሰው ይገኝ ይሆን ብዬ ጓዳ ሆኜ የፈራሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያ ቆጠራ የሚሠራው ወንዱም ሴቱም እስኪሞት ድረስ በአባቱ ስም ስለሚጠራ ነው፤ ሴቶቹ በየጋብቻቸው ስም የሚቀይሩ ቢሆን ኖሮ በእናቶች በኩል ያለው ሐረግ አያቴ ጋ ሳይደርስ ይበጠስ ነበር። ጉዳዩን ስነግረው አባቴ የቡናውን ስኒ አስቀመጠና «ታዲያ አሁን የማን ልጅ ልትባዪ ነው?» አለኝ።

ከቤታችን ሰው ያልተጨነቀችው አያቴ ብቻ ናት። አያቴ ዘጌ ተወልዳ እዚያው የተዳረች ስትሆን፣ ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን አማቷ አዲስ ስም አውጥታላት ዕድሜዋን ሁሉ በዚያ ስም ተጠርታለች፤ የልጅነት ስሟን የሚያውቁት የእናቷ ቤት ሰዎች ብቻ ነበሩ። «እኔን አማቴ ደስ ባላት ስም ጠራችኝ፤ ምን ሆንሁ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት፤ ለምራት ስም ማውጣት በእርግጥ የእኛም ወግ ነውና። ከዚያ በላይ የክርስትና ስምም አለን። እዚሁ ጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የንግሥና ስማቸው ደግሞ ብርሃን ሞገሳ ነበር። ልዩነቱ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የአያቴ አማት የነካችው የአያቴን የራሷን ስም ነው፣ የአባቷን ግን አልነካችም። የወዲያኛው አገር ልማድ ደግሞ በተቃራኒው የራስን ስም ትቶ የአባትን ያነሣል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። አሜሪካ ውስጥ ባለትዳር ሴት የባሏን ስም እንድትይዝ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ ልማድ ነው። ሞንትሪያል የምትኖር የትምህርት ቤት ጓደኛዬማ ጥያቄው ራሱ አልገጠማትም፤ ከተማዋ ባለችበት በካናዳው የኬቤክ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሴት ካገባችም በኋላ በትውልድ ስሟ እንድትቀጥል ሕጉ ደንግጓል። ለእኔ ክብደቱ ያለው መቼ እንደሚቀየር ላይ ነበር። ቪዛው የሚታተመው ፓስፖርት ላይ ባለው ስም ሲሆን፣ ከወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያገኘነው የጋብቻ ምስክር ወረቀት የሁለታችንን ስም እንዳለ መዝግቦ ያልፋል እንጂ ስለ አዲስ ስም አንድም ነገር አይልም። በቀበሌው ያለችውን ሠራተኛ ብጠይቃት፣ «እታለም፣ ስም የሚቀየረው በፍርድ ቤት ነው፤ ደግሞ ማግባት ምክንያት ይሆናል እንዴ?» ብላ ትክ ብላ አየችኝ። በፍርድ ቤት ከተቀየረ ደግሞ መታወቂያው፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ ዲግሪው ሁሉ ተከትሎ መንቀሳቀሱ ነው። አንዲት የሠፈራችን ልጅ ቪዛዋ በአባቷ ስም እያለ ባሏ ትኬቱን በራሱ ስም ቆርጦላት ከአየር ማረፊያ ተመልሳለች።

እዚያ ከደረሱ በኋላ ግን መንገዱ ሰፊ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ በጋብቻ ምስክር ወረቀት ስም ይስተካከላል። ስትገቢ ጋብቻው ሁለት ዓመት ካልሞላው ግሪን ካርዱ የሚሰጠው ለሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ይህን ገደብ ለማስነሣት በሚሞላው በአይ-751 ማመልከቻ መተካቱ አይቀርም። ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በትዳር የኖረ ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ የሚሞላው የዜግነት ማመልከቻም ራሱ ስም መቀየር ይፈልጉ እንደሆን ይጠይቃል። ያዘገየሁት ነገር እንደማያመልጠኝ ካወቅሁ በኋላ ልቤ ረጋ።

ባለቤቴ ያነሣው አንድ ነገር ግን እስከ አሁን ያሳስበኛል። ልጅ ስንወልድ የእሱን ላስት ኔም ይይዛል፤ እኔ በየትምህርት ቤቱና በየአየር ማረፊያው እናቱ መሆኔን በወረቀት ላስረዳ ነው። «የልደት ምስክር ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ እዞራለሁ» አልሁት። ይልቅ የገዛ እናቱ እዚያው አገር በአባታቸው ስም ኖረው ሦስት ልጅ ማሳደጋቸውን ሳስታውሰው ክርክሩን ተወው።

የራሴን መያዝም ቢሆን ያለ ኪሣራ አልሆነም። ፓስፖርቴ ላይ በመጨረሻ የገባው የወንድ አያቴ ስም ስለሆነ እዚያ የምጠራው በአያቴ ነው፤ የአባቴ ስም ልክ እንደ ባለቤቴ አባት ስም መካከል ላይ ይቀራል። ይህንን ለአባቴ ለመንገር ሁለት ቀን አመነታሁ። ጥቂት ዝም ብሎ «እሱስ አባቴ ነው» አለና ስለ ጎረቤታችን አጥር ማውራት ጀመረ።

ባለፈው ሳምንት ዲኤስ-260 የተባለውን የቪዛ ቅጽ ሞላሁ። በላስት ኔም ቦታ የአያቴን ስም ጻፍሁ። ቀጥሎ ሌላ ስም ተጠቅመው ያውቃሉ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ፤ ከጋብቻ በፊት የነበረ፣ የሃይማኖት፣ የሙያ እያለ ይዘረዝራል። የሃይማኖት የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። እናቴን ጠርቼ የክርስትና ስሜን ብትነግረኝም፣ «ወለተ» የሚለው በእንግሊዝኛ ፊደል ከሚቀጥለው ጋር ተጣብቆ ይጻፍ ወይስ ተለያይቶ የሚለውን እሷም እኔም መወሰን ስላቃተን፣ እሷ ለንስሓ አባታችን ስትደውል እኔ ቅጹን ሴቭ አድርጌ ተነሣሁ።