«አትንካው» የተባልኩትን ካምቢዮ ስነካው

ፒካፗን ስገዛት 290,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳለች። ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ) አውቶማቲክ ነው፤ ማርሹን ራሱ ይቀያይራል። የሸጠልኝ ሰውዬ «ካምቢዮዋ ተነክቶ አያውቅም» ያለኝ ሊያሞግሳት ፈልጎ ነው። እኔም ያን ቀን እንደ ሙገሳ ሰማሁት። ነገሩ የከነከነኝ በኋላ ነው። ተነክቶ አያውቅም ማለት ዘይቱም ተቀይሮ አያውቅም ማለት አይደል?

ሁለት መካኒክ ጠየቅኩ። ሁለቱም «አትንካው» አሉኝ። አንደኛውማ «እየሄደ ያለ ካምቢዮ መነካካት ነገር ፍለጋ ነው። ዘይቱን ቀይረህ በሳምንቱ ተጎትተህ ትመጣለህ» አለኝ። ፈራሁና ለሁለት ወር ተውኩት።

መካኒኩ ከመሬት ተነስቶ አልፈራም። ዘይት ተቀይሮላቸው በሳምንቱ የቆሙ ካምቢዮዎች እውነትም አሉ። ግን አብዛኛው ሰው የካምቢዮ ዘይት ትዝ የሚለው መቼ ነው? መኪናው መንሸራተት ሲጀምር። ያኔ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮኖች (ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት ሳህኖች) አልቀዋል፤ አዲስ ዘይት አያድናቸውም። ካምቢዮው ሲቆም ግን ጥፋቱ ዘይቱ ላይ ይላከካል። በማሽን ግፊት ማጠብ ደግሞ ሌላ ነው። የተኛውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሊወትፈው ይችላል። እሱን እኔም አላስደርግም።

ስለዚህ ኪሎ ሜትሩን ትቼ ካምቢዮውን ራሱን ማየት ጀመርኩ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለች ከፒ ወደ ዲ ሳስገባት ቶሎ ትይዛለች። ዳገት ላይ ሞተሩ ብቻውን ጮሆ ፍጥነቷ የሚቀርበት ጊዜ የለም። ወደ ኋላ ስሄድ ብቻ አንድ ሰከንድ ያህል ታመነታለች።

ከዚያ ዘይቱን አየሁ። ሞተሩን አሙቄ፣ ፍሬን ይዤ ማርሹን በየቦታው አስገባሁና ፒ ላይ መለስኩት። ሞተሩ እየሠራ መለኪያውን መዘዝኩ። (የኔዋ የምትለካው እንዲህ ነው። መለኪያ ጭራሽ የሌላቸውም አሉ፤ ማኑዋል ይታይ።) ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አደረግኩት። መሀሉ ቡናማ፣ ጠርዙ አሁንም ቀላ ያለ ነው። ጠጋ ብዬ አሸተትኩት፤ ያረረ ነገር አይሸትም። ጠቁሮ የተቃጠለ ቢሸት ኖሮ እጄን እሰበስብ ነበር። እንደ ወተት የደፈረሰ ሮዝ ቢሆን ደግሞ የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያ ሌላ ጣጣ ነው።

ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ያለው የዘይት ትሪ) ማፍሰሻ ቡሎን ስለሌለው ማውረድ ግድ ሆነ። የአንዱን ጎን ቡሎኖች አላልቼ ዘንበል አድርጌ ላፈሰው አሰብኩ። ግማሹ ባልዲው ውስጥ፣ ግማሹ እጅጌዬ ውስጥ ገባ ብል ማጋነን አይሆንም። ልቤ የነበረው ኮፓው ውስጥ ያለችው፣ የብረት ብናኝ የምትሰበስበው ማግኔት ላይ ነው። ግራጫ ጭቃ ለብሳለች። በሁለት ጣቴ አሸሁት፤ እንደ እርሳስ ብናኝ ለስላሳ ነው፣ የሚቆረቁር ስባሪ የለውም። በዚህ ዕድሜ የሚጠበቅ ነው። እፎይ አልኩ።

ፊልትሮና ጉርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በኮፓው ጠርዝ የሚገባው ማሸጊያ) ቀየርኩ። ዘይቱን ማኑዋሉ የሚለውን ዓይነት ብቻ ገዛሁ፤ ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የወጣው ተለክቶ 4 ሊትር ተኩል ሆነ። ጠቅላላ የምትይዘው ግን 10 ሊትር ተኩል ነው። ቀሪው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) እና የማቀዝቀዣው ቧንቧ ውስጥ ይቀራል። እኔ ግን እንደ ጉድለት አላየሁትም። አሮጌው ቀስ በቀስ ይለቃል። ኮፓውን ከመመለሴ በፊት ማፍሰሻ ቡሎን አስበየድኩለት፤ ከዚያ በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ አንዴ እያልኩ ማፍሰስና መሙላቱን ሁለት ጊዜ ደገምኩት። በሦስተኛው ላይ ከአሮጌው የቀረው አንድ አምስተኛ ገደማ ነው።

ስህተቴ የመጀመሪያው ቀን ላይ ነበር። ያወጣሁትን ያህል መልሼ መተው ሲገባኝ፣ ዘይቱ ሳይሞቅ ለካሁና የጎደለ መሰለኝ። ግማሽ ሊትር ጨመርኩ። ሲሞቅ ከምልክቱ አልፎ ወጣ። ትርፍ ዘይት ይናጥና አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይዝም። በመለኪያው ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ አስገብቼ በሲሪንጅ ስመጥ መሸ። የኮፓውንም ቡሎኖች ጉልበቴን አምኜ አጥብቄያቸው ጉርኒሲዮኑ ተጨፍልቆ ኖሮ በማግስቱ መሬቱ ላይ ቀይ ጠብታ አገኘሁ። ሌላ ጉርኒሲዮን፣ ሌላ ቅዳሜ።

አሁን 318,000 ገብታለች። ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር ለስልሳለች። ወደ ኋላ ስትሄድ ማመንታቷ ግን እንዳለ ነው፤ እሱን ዘይት አላስተካከለውም። ያ መካኒክ ባየኝ ቁጥር «እስካሁን አልተጎተትክም?» ይለኛል።