ከትከሻ የሚመጣ መስመር

ሥዕሎቼን የሚያዩ ሰዎች ምን እንደሣልኩ ይጠይቁኛል። በምን እንደሣልኩ ቢጠይቁኝ መልሱ ይቀልለኝ ነበር፤ በትከሻዬ።

ከብሩሽ በፊት ዳንስ ነበር። ዛሬም መስመሬ የሚነሣው ከእግሬ ነው፤ ክብደቴ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲዛወር ወገቤንና ትከሻዬን አልፎ ክርኔ ይደርሳል፤ ቀለሙ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ስለዚህ ትንሽ ሸራ ያፍነኛል። ከእጅ አንጓ የሚወጣ መስመር ጽሕፈት ይመስላል። ከትከሻ የሚመጣው ግን ሲወፍርና ሲቀጥን ሰውነቴ የት ላይ እንዳረፈ፣ የት ላይ እንደተንገዳገደ ያሳብቃል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ሩሲያዊው ሠዓሊ ካንዲንስኪ የዳንሰኛዋን የግሬት ፓሉካን ፎቶግራፎች መነሻ አድርጎ እንቅስቃሴዋን በጥቂት ቅስቶችና ቀጥ ባሉ መስመሮች ነድፎታል። ንድፎቹ ያምራሉ፤ ለእኔ ግን ከወንበር ላይ ሆኖ የታየ ዳንስ ናቸው። የጨፈረ ሰው የዝላይ ዕዳ የሚከፈለው ሲያርፉ፣ በጉልበት እንደሆነ ያውቃል። ይበልጥ የሚቀርበኝ ጃፓናዊው ካዙኦ ሺራጋ ነው። ከላይ የተንጠለጠለ ገመድ ይዞ፣ መሬት ላይ በተዘረጋው ሸራ ላይ ቀለሙን በባዶ እግሩ እየረገጠና እየተንሸራተተ ይሥል ነበር። እዚያ ክብደት አለ።

ሙዚቃ ዘግይቶ መጣ። ድምፅ ሲሰሙ ቀለም የሚታያቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። ትራምፔት ሲነፋ ቢጫ አይታየኝም። (ይህን ስናገር ቅር የሚላቸው አይጠፉም፤ እንደ እኔ በመስመርና በቀለም ብቻ የሚሥል ረቂቅ ሠዓሊ ሁሉ ይህ ጸጋ ያለው ይመስላቸዋል።) ከፒያኖ ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው። ስጨፍር ምቱን እየተከተልኩ ዝምታውን እዘልለው ነበር። ኖታ ማንበብ ስጀምር ግን ዝምታውም የራሱ ምልክት እንዳለው፣ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሩብ እየተባለ ልክ እንደ ድምፁ እንደሚቆጠር አየሁ። ከዚያ ወዲህ ሸራዬ ላይ ያልተቀባው ቦታ ቀለም ያልደረሰው ቦታ መሆኑ ቀረ። ርዝመት አለው። በሁለት ወፍራም መስመሮች መካከል ምን ያህል መቆየት እንዳለብኝ እየቆጠርኩ ነው የምሄደው።

ሆላንዳዊው ሠዓሊ ሞንድሪያንም ዳንስ ወዳድ ነበር። ኒው ዮርክ ከገባ በኋላ በ1942 እና በ1943 በሠራው፣ በፈጣን የዳንስ ሙዚቃ ስም በተሰየመው «ብሮድዌይ ቡጊ ዉጊ» ሥዕሉ ለዓመታት ያልተለዩት ጥቁር መስመሮች ጠፍተው፣ በቢጫ መስመሮች ላይ ትንንሽ ቀይ፣ ሰማያዊና ግራጫ አራት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። ዓይን እየተደናቀፈ ይሄዳል፤ ምቱም ያ መደናቀፍ ነው።

ስሥል ግን ሙዚቃ አልከፍትም። ዜማው ሲደምቅ ሥዕሉ የደመቀ ይመስለኛል፤ ሲቆም ሸራው ላይ ምንም የለም።

አሁን ጉልበቴ እንደ ድሮው አይታዘዝም፤ መስመሮቼም አጥረዋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ «ዳንስ» የተባለውን ግዙፍ የግድግዳ ሥዕሉን ሲነድፍ ከሰሉን ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ አስሮ ነበር። እኔም ብሩሼን ዘንግ ላይ አስሬ እየሞከርኩ ነው። ዘንጉ ይዘገያል፤ ክንዴ ካቆመ በኋላም ጫፉ ትንሽ ይቀጥላል። ያችን ጭማሪ ገና መቁጠር አልቻልኩም።